ወንጪ ከእናቴ፣ ከአጎቴና ከልጆች ጋር፦ እውነት "ለሁሉም ሰው የሚሆን" የእግር መንገድ አለ?

ሚሚ ዘገርጂ፦

ሰላም ናችሁ? እህቴ ለጥምቀት ከነልጆቿ ከጀርመን ትመጣለች፣ በዓሉ እንዳለፈ ቤተሰቡን ጠቅልለን ወንጪ እንሂድ ተባብለናል፣ ማለት እሷ ፎቶውን ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ጣጣው የኛ ቤት ሰው አቅሙ አንድ ዓይነት አይደለም። እናቴ ሰባን አልፋለች፣ ደም ብዛት አለባት መድኃኒቷንም ትወስዳለች፣ ከሁሉ የሚያስቸግራት ግን ጉልበቷ ነው፣ ሜዳ ከሆነ ቤተክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች ደረጃ ሲመጣ ግን ፊቷ ይቀየራል። አጎቴ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት በክራንች ነው የሚሄደው፣ ጠንካራ ሰው ነው ግን እርዱኝ ማለት ሞቱ ነው። የእህቴ ልጆች አንዱ 4 አንዷ 9 ናቸው። እህቴ እዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ለጫካ ስትዞር ነው የምትውለው፣ እኔ ደግሞ ከቢሮ ወንበር ወደ ታክሲ ወንበር።

ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ድሮን ነው የሚያስነሳው፣ መሬቱን የሚያሳይ የለም። "መንገዱ ቀላል ነው ሁሉም ሰው ይችለዋል" ይላሉ፣ ማን ነው ሁሉም ሰው? መኪና እስከ የት ይገባል፣ ፈረሱስ ለእናቴ ይሆናል ወይ፣ ለክራንች መሬቱ እንዴት ነው? የሄዳችሁ ወይም የአካባቢው ልጆች በናታችሁ ንገሩኝ። ካልሆነ ሌላ ቦታ ጠቁሙኝ፣ ደርሶ መልስ ቢሆን እመርጣለሁ ማደርም ግን ይቻላል።

የወሊሶ ልጅ፦

ሚሚ ጥያቄሽ ተመችቶኛል። ሰው ሁሉ "ስንት ኪሎ ሜትር ነው" ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ወንጪ ላይ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ምንም አይነግርሽም። ቦታው የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ነው፣ እንደ ትልቅ ሳፋ አስቢው፣ ጎጆውና የገብስ ማሳው ጠርዙ ላይ፣ ሐይቁ ከታች። ጠርዙ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ከፍተኛው ጫፍ ከ3300 ያልፋል፣ አዲስ አበባ እኮ አብዛኛው ከ2300 እስከ 2500 ነው፣ ስለዚህ የሸገር ልጅ ነኝ ከፍታ ለምጄዋለሁ የሚለውም እዛ ሲደርስ ትንፋሹን ይፈልጋል።

ሌላ ተራራ ስትወጪ ሲደክምሽ ትመለሻለሽ፣ መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ እንደምንም ትወርጃለሽ። ወንጪ የተገላቢጦሽ ነው። ጠዋት ሁሉም እየሳቀ ይወርዳል፣ ሐይቁ ዳር ይበላል ይጋደማል፣ ከዛ 9 ሰዓት ላይ ሆዱ ሞልቶ ፀሐይ እየመታው ዳገቱን ይጀምራል። ሰው ተቀምጦ "እዚሁ ተዉኝ" ሲል የምናየው ያኔ ነው፣ ሲወርድ ግን "ይሄ ነው እንዴ ከባድ የምትሉት" ያለው ራሱ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ማን በምን ይመለሳል የሚለውን ነው፣ መውረዱ ከዛ በኋላ ይታሰባል።

ማዘርን በተመለከተ። ጉልበት ያመመው ሰው ዳገት የሚያስቸግረው ይመስላችኋል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ጉልበትን የሚገድለው ቁልቁለት ነው፣ ክብደትሽ በሙሉ እዛ ላይ ነው የሚያርፈው። ዳገቱ ደግሞ ትንፋሽና ልብ ይጠይቃል፣ እሱ ለደም ብዛት ነው የሚከብደው። እሳቸው ሁለቱም አለባቸው፣ ስለዚህ በእግር ማውረዱም ማውጣቱም ይቅር። መኪና ወደ ሐይቁ የሚወርድበት መንገድ አለ፣ ሹፌራችሁ መግቢያው ላይ ዛሬ እስከ የት ይፈቀዳል ብሎ ይጠይቅ፣ ምክንያቱም ሰው በበዛበት ቀን ከላይ ፓርክ አድርጉ ሊሏችሁ ይችላሉ። ታች ከደረሱ በኋላ ዳር ዳሩን እንደ ልባቸው ይሂዱ፣ ሜዳ ነው፣ ሲያሻቸው ይመለሳሉ።

መውረድ ካልፈለጉም ላይኛው መንደር ራሱ ይበቃል። ጠርዝ ጠርዙን የሚሄደው መንገድ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ዳገት የሚባል አይደለም፣ በአንድ በኩል ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል በሌላው በኩል ገብስና እንሰት። የጀርመኖቹ ልጆች እንሰቱን ሙዝ ነው ብለው መከራከራቸው አይቀርም፣ ሁሉም እንግዳ ልጅ እንደዛ ይላል፣ ያኔ አንዷን እናት አስፈቅዳችሁ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚቀበር አሳዩዋቸው፣ ሽታውን ሲሰሙ ዝም ይላሉ 😄 አንድ ነገር ብቻ፣ ተጣጣፊ ወንበር ወይም በርጩማ መኪና ላይ ጫኑ። መንገድ ዳር መቀመጫ አትጠብቂ፣ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ሳይሆን ከድንጋዩ መነሳት ነው የሚያቅተው።

ፈረስ ወዳድ፦

ፈረሱን ለምን ዘለልከው ወንድሜ? ወንጪ ሄዶ ፈረስ ሳይቀመጡ መምጣት አለ እንዴ!! የአካባቢው ገበሬዎች ተራ አላቸው፣ መግቢያው ጋ ታስመዘግቢያለሽ፣ ፈረሱን ባለቤቱ ነው ይዞ የሚሄደው ስለዚህ መጋለብ መቻል አይጠበቅብሽም። እኔ አባቴን (እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው) ወስጄያለሁ፣ ሲወርዱ በእግር ሲወጡ በፈረስ። ዋናው ነገር አወጣጡ ነው። ከሜዳ ላይ እግር አንስቶ እርካብ መርገጥ ለትልቅ ሰው አይሆንም፣ ፈረሱን ዝቅ ያለ ቦታ አቁሙና ሰውየው ከፍ ካለ ድንጋይ ወይም ከመንገዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ይሻገር፣ አንድ ሰው ልጓሙን ይያዝ አንዱ በወዲያኛው በኩል ኮርቻውን ይጫን፣ አለበለዚያ ኮርቻው ይዞራል። ጋቢ አጥፋችሁ ኮርቻው ላይ አንጥፉ፣ እንጨቱ በተለይ ለቀጭን ሰው ይቆረቁራል። ከመነሳታችሁ በፊት እርካቡን በእሳቸው እግር ልክ አሳጥሩት፣ እግር ተንጠልጥሎ የሚሄድ ከሆነ ጉልበት የሚያመው ያኔ ነው።

ቁልቁለት ላይ ፈረስ አታስቀምጡ፣ ያልለመደ ሰው ወደ ፊት ነው የሚንሸራተተው። ሽቅብ ሲሆን የፈረሱን ጋማ ይዞ ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል ብቻ ነው። "ሱታ" ማለትን ልመዱ፣ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው፣ ልጆቹ ፈረሱን ማስሮጥ ይወዳሉ። ዋጋውን ደርሶ መልስ ነው መሄጃ ብቻ ነው ብላችሁ ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ዝርዝር ብርም ያዙ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም።

ሲስተር ት.፦

ይቅርታ ከላይ ያለውን ወንድሜን ልቃወመው ነው። ነርስ ነኝ። ከሰባ በላይ የሆኑ ሴቶች ብዙውን ጊዜ አጥንታቸው የሳሳ ነው፣ እኛ ጋ ዳሌያቸው ተሰብሮ የሚመጡት ብዙዎቹ ከፈረስም ከፎቅም አይደለም የወደቁት፣ ከአልጋ ሲወርዱ ነው ወይም ምንጣፍ ጠልፏቸው። አባትህ ምናልባት ገጠር አድገው ፈረስ የለመዱ ይሆናሉ፣ የሚሚ እናት ፈረስ ላይ ወጥተው የማያውቁ ከሆነ ግን እኔ አልመክርም፣ ለዛውም መኪና መውረድ እየቻለ። እግረ መንገዱንም ደም ብዛቱ ተቆጣጥሮ መያዙን ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ቀናት አስለኩላቸው፣ ከፍ እያለ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ሐኪማቸውን ስለ ከፍታው ጠይቁ።

አንድ ማንም የማያወራው ነገር ልጨምር። የደም ብዛት መድኃኒት አንዳንዱ የሚያሸና ነው። ትልልቅ ሰዎች መንገድ ሲሄዱ ሽንት እንዳይመጣባቸው ብለው የዛን ቀን መድኃኒቱን ያስቀሩታል ውሃም አይጠጡም፣ ለማንም አይናገሩም። ከዛ 3000 ሜትር ላይ በፀሐይ ይራመዳሉ። ስለዚህ ሽንት ቤት የት የት እንደሚቆም ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው፣ "እዚህ እዚህ ጋ እንቆማለን" ሲባሉ ይረጋጋሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሳይራመዱ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ደግሞ ሻይ ጠጡ ተኙ አይባልም፣ መኪና ውስጥ አስገብቶ ወደ ወሊሶ ወይም ወደ አምቦ መውረድ ነው።

ልጆቹን ኮፍያና የፀሐይ ቅባት አድርጉላቸው። ይበርዳል ብለው ይረሱታል፣ ፀሐዩ ግን ያቃጥላል።

ባለክራንቹ፦

አጎትሽን በተመለከተ እኔ ልመልስ፣ እኔም ፖሊዮ ነው፣ ወንጪም ሄጃለሁ። በጥር ከሆነ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ብትይኝ ኖሮ አትሂዱ ነበር የምልሽ፣ ጭቃው ክራንቹን ይውጠዋል ስታወጪው ራስሽ ትወድቂያለሽ።

ሰው የማይገባው ነገር እኛ የምንፈልገው ለስላሳ መንገድ ሳይሆን ሰፊ መንገድ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው አንድ ጫማ ስፋት ካለው ያልፋል፣ ክራንች ግን ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ገብሱ መሃል ያለው የእግር መንገድ ከብት ስለሚሄድበት መሃሉ እንደ ቦይ ተቦርቡሯል፣ እግርሽ ቦዩ ውስጥ ክራንቹ ደግሞ ጠርዙ ላይ ይሆንና ብብትሽን ይልጥሻል። በሱ አይሂድ። መኪና የሚሄድበትን ኮረኮንች ይምረጥ፣ አቧራ ነው ግን ደልደል ይላል፣ እይታውም ያው ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ሳር ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ኳስ ሜዳ ይመስላል፣ ወደ ውሃው ስትጠጊ ግን ረግረግ ነው፣ የክራንቹ ጫፍ ሰመጥ ይላል። ከብቶቹ የቆሙበትን አይቶ መሄድ ነው፣ የከብት ኮቴ ውሃ ካቆረ ከዛ አያልፍ።

ከመሄዱ በፊት የክራንቹን ጎማ ይቀይር። ከተማ ውስጥ ጎማው ቢያልቅም ሴራሚክ ላይ ትንሽ ነው የሚያንሸራትተው፣ ኮረኮንች ላይ ግን ብረቱ ይወጣና በረዶ ላይ እንደመሄድ ነው። ትርፍ ጥንድ ኪሱ ይያዝ። ጓንትም፣ የብስክሌት ጓንት ዓይነት ጣቱ የተቆረጠው፣ መዳፍ ውሃ እንዳይቋጥር።

ጀልባው ጋ ተጠንቀቁ። ወደ ደሴቲቱ ቂርቆስ የሚወስደው ጀልባ ላይ መውጣት ነው ከመንገዱ ሁሉ የከበደኝ፣ ጀልባው ይወዛወዛል ክራንች ደግሞ የሚወዛወዝ ነገር ላይ አይተከልም። ክራንቹን አስቀድሞ ለሰው አቀብሎ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን በእጁ አንስቶ ማስገባት ነው። ከኋላ ብብቱ ስር ገብተው እንዳያነሱት ንገሪያቸው፣ ደግ ሰዎች ናቸው ሳይጠይቁ ያነሱሻል፣ እኔ እንደዛ ሲያደርጉኝ ነው የምናደደው። እና አንቺም "ትችላለህ?" እያልሽ አትጠይቂው። "እኔ እዚህ ጋ አርፋለሁ" በይና ተቀመጪ፣ እሱም ይቀመጣል።

ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ይሄን የሚያነብ ካለ፣ ላይኛው መንገድ ላይ ገፊ ካለ ይሄዳል፣ ወደ ሐይቁ ግን በመኪና ነው ወርደሽም ሩቅ አትሄጂም። በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል፣ ደስ ብሎናል ይገባዋል፣ ግን ሽልማቱ መወጣጫ አልሠራም።

ሰላሌ ነኝ፦

እኔ የምለው ለምን ደብረ ሊባኖስ አትሄዱም? ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው ከወንጪ ያነሰ፣ መኪና ገዳሙ ደጅ ድረስ ይደርሳል። ማዘር ተሳልመው ጠበል ጠጥተው ግቢው ውስጥ ሲንሸራሸሩ፣ እናንተ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውን አይታችሁ ትመለሳላችሁ፣ ከዋናው መንገድ መታጠፊያው አካባቢ ሆኖ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ አጭር የእግር መንገድ ናት። ስሙ ፖርቱጋል ይሁን እንጂ ራስ ዳርጌ ናቸው ያሠሩት ይባላል። ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሳር ሲነጩ ልጆቹ ያብዳሉ፣ ቦርሳ ውስጥ ያለ ብስኩት ግን አይታይ።

ድልድዩ ጋ መውረጃው ድንጋያማ ነው፣ ለክራንችም ለማዘርም አልመርጠውም፣ አፋፉ ላይ ግን ወንበር አውጥተው ሸለቆውን ሲያዩ መዋል ይችላሉ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻም ሽቅብ ነው።

አዲስ አባል፦

ቢሾፍቱ ሂዱ በቃ። ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ነው፣ አየሩ ሞቅ ይላል፣ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም፣ ሐይቁም አለ። ምን አስጨነቃችሁ።

ሚሚ ዘገርጂ፦

@አዲስ አባል ቢሾፍቱ ለሰርግ ለልደት ለስብሰባ ስንሄድ ኖረናል፣ እህቴ ደግሞ መንደር ነው የምትፈልገው ሪዞርት አይደለም።

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ለእናቴ አነበብኩላትና የሲስተርን መድኃኒት የሚለው ጋ ስደርስ ዝም አለች፣ ገባኝ 😂 አጎቴ ደግሞ ባለክራንቹን "ይሄ ሰውዬ ማን ነው ላግኘው" ብሏል።

ስለዚህ ሐሳባችን እንዲህ ሆነ፣ አንድ ሃይሩፍ እንከራያለን፣ ማታ ወሊሶ አድረን ጠዋት እንወጣለን። እናቴ፣ አጎቴና ትንሹ ልጅ በመኪና ይወርዳሉ፣ እኔ እህቴና ትልቋ ልጅ በእግር፣ ሐይቁ ጋ እንገናኛለን። ስንመለስ ልጅቷ በፈረስ፣ እህቴ በእግሯ (እሷ እንደሆነች ካልወጣሁ ትላለች)፣ እኔ መኪና ውስጥ ቦታ አለኝ ብያለሁ። ያሰብነው ጥር 15 ነው፣ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ካለፉ በኋላ ሰው ይቀንሳል ብለን። ደግሞ አስጎብኚ መያዝ ግዴታ ነው ወይስ ዝም ብለን እንሂድ?

የወሊሶ ልጅ፦

ኧረ ሚሚ!! ጥር 15 እኮ ቂርቆስ ነው፣ ያውም ዓመታዊው። ደሴቲቱ ላይ ያለው ገዳም ማን መሰለሽ? ሰው ይቀንሳል ያልሽበት ቀን ምዕመኑ ከየአቅጣጫው የሚመጣበት ነው፣ ጀልባው ሰልፍ፣ መኪናው ከላይ ይቆማል፣ ለማዘር ያሰብነው ነገር ሁሉ ይበላሻል። ማዘር ክብረ በዓሉን ካልሳለምኩ ካሉ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ሌሊት ተነስቶ መሄድ ነው። ለእግር መንገድ ከሆነ ግን 17ም 18ም አድርጉት፣ ቅዳሜና እሁድን ብቻ ሽሹ። ገዳሙ በማንኛውም ቀን ይሳለሙታል፣ ነጠላ አትርሱ፣ ጫማ ማውለቅ አለና ለአጎትሽ ጫማው ከብረቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ቀድማችሁ ለአባቶች ንገሯቸው።

አስጎብኚ ያዙ። መንገዱ ጠፍቶባችሁ አይደለም፣ ቁልቁል መውረድ ማንም ያውቀዋል። ግን የማን ማሳ ጠርዝ ላይ ማለፍ እንደሚቻል፣ የትኛው ቤት ውሻ እንደሚለቅ፣ የትኛው ፈረስ ለልጅ ገራም እንደሆነ የሚያውቀው የመንደሩ ልጅ ነው። ሲያገኛችሁ "እናቴ ጉልበቷን ያማታል" ብለሽ ንገሪው፣ አለበለዚያ ሁሉንም ሰው በአንዱ በለመደው መንገድ ነው ይዞ የሚሄደው። ስትወርዱ የውሃ ወፍጮውን አሳየን በሉት፣ ለዘጠኝ ዓመቷ ከሐይቁ ይልቅ እሱ ነው የሚገርማት፣ ውሃው ድንጋዩን ሲያዞረው በዓይኗ ታያለች።

በወዲያኛው በኩል በአምቦ መመለስ ትችላላችሁ፣ መልክዓ ምድሩ ይለያል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን በዋዜማው ወሊሶ ያደራችሁበት ቤት ሰዎች ይጠይቁላችሁ።

ፈረስ ወዳድ፦

ለልጅቷ ሱሪ አልብሷት፣ በቁምጣ ከሆነ የእርካቡ ጠፍር እግሯን ይልጣታል። ሲስተር ደግሞ ልክ ነሽ፣ አባቴ ሰላሌ ነው ያደጉት 😅

ባለክራንቹ፦

አጎትሽ ካልተቸገረ በውስጥ መስመር ቁጥሩን ይላክልኝ፣ እዚህ ላይ እንዳትጽፊው። እኔም ከዛ ወዲህ አልሄድኩም፣ መኪናችሁ ውስጥ ቦታ ካለ ደግሞ የወሊሶ አዳሬን ራሴ እከፍላለሁ።